ወንዙ የጠራ ዕለት

ከመጣሁ ጀምሮ፣ የሰፈሬ ሴቶች፣ ስለ ጉዞዬ ስትጠይቁኝ ስለ ምግቡ ብቻ ሳወራላችሁ ከርሜያለሁ። ቡላው እንዴት እንደሚጣፍጥ፣ ቆጮው በምን እንደሚበላ፣ ቅቤው እንዴት እንደማይሰሰት። የቀረውን ዘልዬዋለሁ። አሁን ግን ከመነሻው እስከ መድረሻው በየቀኑ የሆነውን ልጽፈው ነው። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና፣ ቀበሌያችን ባቋቋመው መሠረተ ትምህርት ስለሆነ አጻጻፌ ቢንገዳገድ ታገሡኝ።

መጀመሪያ የልጄን የወይንሸትን ሥራ ልንገራችሁ። ፋብሪካ የሚለቀውን ውሃና ውሃው የሚተኛበትን አፈር ትመረምራለች። ከዚያ መሥሪያ ቤቷ ለፋብሪካው «ይህን አቁሙ፣ እዚህ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ደንቡ የሚፈቅደው እስከዚህ ነው» ብሎ ያማክራል፤ አልሰማም ካለም ለበላይ ያስታውቃል። ያን ጊዜ የተላከችው ከዳምቦያ በታች ወዳለ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነበር። የጣቢያውንም የወንዙንም ስም አልጽፍም፤ ሰዎቹ ዛሬም እዚያው ነው የሚኖሩት።

ቀዩ እሸት ቡና ተፈልፍሎ ሲታጠብ የሚወጣው ውሃ ያጣብቃል፣ ይጠቁራል፣ ሲውል ሲያድር ይሸታል። ጣቢያው ያንን ውሃ በጉድጓድ ማስተኛት ሲገባው በቀጥታ ወንዙ ውስጥ ይለቀዋል ብለው ከበታች ያሉት ገበሬዎች አቤት ብለዋል። ባለፈው ዓመት አንድ ባለሙያ በደብዳቤ አስታውቆ ሄዶ ነበር። የደረሰ ዕለት ሞተሩ ቆሞ፣ ወንዙ ጠርቶ አገኘው። ዘንድሮም እንዲሁ ከተገኘ መዝገቡ ይዘጋል፤ ገበሬዎቹም በሐሰት እንደከሰሱ ይቆጠራል። ስለዚህ ወይንሸት የምትሄደው ለጣቢያው ሳታስታውቅ ነው።

እኔ የሄድኩት ለልጅቷ ነው። ቤዛ ገና ስምንት ወሯ ነበር፣ ጡት አልተወችም። እናቷ ስትሠራ የሚይዛት ሰው ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ዙሪ ካሉኝ እግሬ አይጠላም።

«እማዬ፣ የምንደርስበትን ቀን ለማንም እንዳትነግሪ» አለችኝ ወይንሸት ባዶ ጠርሙሶቿን በገለባ እየጠቀለለች። እኔ የቤዛን ጨርቅ እያጠፍኩ ነበር። አልሰማሁም ብዬ ብጽፍ ያምርልኝ ነበር። ሰምቻለሁ።

ሰኞ

ከቀበሌ ያወጣነውን የይለፍ ወረቀት ይዘን ጎህ ሲቀድ ተሳፈርን። ኬላው ላይ ሁሉም ሰው ወርዶ ተፈተሸ። ወታደሩ የወይንሸትን የእንጨት ሳጥን ከፍቶ ሠላሳ የሚሆን ጠርሙስ ሲያይ ጊዜ «ይሄ ሁሉ አረቄ ነው?» አለ።

«ባዶ ነው» አለችው።

አንዱን አንስቶ ፀሐይ ላይ አየው። «ከአዲስ አበባ ወደ ሆሳዕና ባዶ ጠርሙስ የሚጭን ሰው ዛሬ ገና አየሁ» ብሎ ዘጋው። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ያን ጠዋት ሁሉ ነገር ያስቀኝ ነበር።

ቡታጅራን ካለፍን በኋላ ጎማ ፈነዳ። የጠጠሩ መንገድ አቧራ እኛ ሰፈር እህል ከሚፈጭበት ወፍጮ ቤት ይብሳል፤ ስንወርድ ሁላችንም ሽማግሌ መስለን ነበር። ከመንገዱ ዳር ያለች አንዲት ሴት አላወቀችን፣ አልጠየቀችን፣ ብቻ ቁርበት አውጥታ ጥላ ሥር አነጠፈችልን፤ ለወይንሸትም እርጎ በቅል አመጣችላት። እኛ ቀበና ላይ አውቶቡስ የተበላሸበት መንገደኛ ስናይ መስኮት ላይ ሆነን ነው የምንመለከተው። ወይንሸት ጠጥታ፣ ልጅቷን አጥብታ፣ እዚያው ቁርበቱ ላይ እንቅልፍ ጣላት።

አጠገቤ ተቀምጦ የመጣ ሰው ነበር። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ኮቱ ንጹሕ፣ አነጋገሩ ለስላሳ። መስኮቱን የለቀቀልኝ እሱ ነው። ቤዛ ስታለቅስ ተቀብሎ ትከሻው ላይ አድርጎ ያዘልኝ። ስሙን አቶ ደሳለኝ አለኝ።

«እማማ፣ ልጅቷ የማን ናት?»

«የልጄ። ያቻትና፣ የተኛችው። ኬሚስት ናት።»

«ሆስፒታል ነው የምትሠራው?»

«የለም፣ እሷ የምታክመው ውሃ ነው።»

ሳቀ። «ውሃም ይታመማል?»

«ቡና ያሳምመዋል አሉ።»

ቤዛን ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወራት። «መቼ ነው ታዲያ ሕክምናው?»

«ነገ ሆሳዕና ማህተም እናስመታለን። ረቡዕ ዳምቦያን አልፈን ከገበሬዎቹ ቤት እናድራለን። ሐሙስ ጠዋት ወንዙ ላይ ነን።»

አንዲት አላስቀረሁም። እኔ ባደግኩበት አገር መንገድ ላይ የተጠየቀ ሰው መሄጃውን ይናገራል፤ የደበቀ እንደሆነ ደመኛ አለው ወይ ሌባ ነው ይባላል። ይህን ለሰበብ አልጽፈውም። እውነቱ ሌላም አለበት፦ እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፣ የተማረች ልጅ እንዳለችኝ ስናገር ደስ ይለኛል። የሚሰማኝ ሰው ሳገኝ ቃሉ ተከታትሎ ይወጣል።

«አንተስ ምን ትሠራለህ?» አልኩት።

«መጋዘን ላይ ነኝ። ዕቃ አስገባለሁ፣ አስወጣለሁ።»

የምን መጋዘን ብዬ አልጠየቅኩትም።

ፎንቆን አልፈን ሆሳዕና የገባነው አመሻሹ ላይ ነው። የጠርሙሱን ሳጥን እስከ ሆቴሉ ደጃፍ ያደረሰልን እሱ ነው። ወይንሸት አመሰገነችው። «እናትሽን ያቆይልሽ» አላትና ሄደ።

ማክሰኞ

ሆሳዕና ብርዷ እንደኛ የኅዳር ብርድ ነው፤ ግን የእኛ ብርድ ከግንብ ነው የሚመጣው፣ የእነሱ ከእንሰቱ። እኛ በጓሯችን አጥር እንደምናቆም እነሱ እንሰት ያቆማሉ። የሆቴሉ ባለቤት የጉራጌ ሴት ናት፤ የቤዛን ጨርቅ ሳትጠይቀኝ ወስዳ ከራሷ ልብስ ጋር አሰጣችልኝ።

የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ማህተም የሚመታው ሰው ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። ወይንሸት አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ስትጠብቅ እኔ ልጅቷን አዝዬ ወጣሁ፤ በተለመደው ጠባዬም ጠፋሁ። ሁሉም መንገድ ባሕር ዛፍ፣ ሁሉም አጥር እንሰት ሆነብኝ። አንዲት ሴት «ጡማ ነሽ?» አለችኝ፤ ደህና ነሽ ወይ ማለቷ ነው። እንደጠፋሁ ስነግራት እጄን ይዛ ቤቷ አስገባችኝ። ባሏ አስተማሪ ነው። ሳትበላ አትሄድም ብላ አተካና የሚሉትን፣ በወተትና በቅቤ የበሰለውን ቡላ አቀረበችልኝ። ከመብላታችን በፊት መስኮቱን ዘግታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጸለየች፤ ጸሎት ቤታቸውን መንግሥት አሽጎት ነበር። ስለ መንገደኛዋ እናትና ስለ ሕፃኗ ጸለየች። እኔም የራሴ ጎረቤት ቤት የገባሁ ያህል፣ ለማይፈራ ሰው የሚሰጠውን ዓይነት ምሳ በላሁ።

እሷም ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ለእሷም ነገርኳት።

ረቡዕ

የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ላንድሮቨርና አንድ ጸሐፊ ሰጠን። ጸሐፊው ወጣት ነው፣ ቦርሳውን ከጭኑ ላይ አያወርድም፤ ሁላችንንም «ጓድ» ይለናል፣ እኔን ብቻ «እማማ»። ዳምቦያ ገበያዋ ቆሞ ነበር። ከገበያው ወዲያ መኪናው የሚሄድበት መንገድ አለቀና አንድ ሰዓት ያህል በእግር ወረድን።

ያሳደሩን አቶ ሀንዲሶ ይባላሉ፤ አቤቱታውን የጻፉት እሳቸው ናቸው። ረጅም፣ ንግግራቸው የተቆጠረ ሰው ናቸው። ሚስታቸው አበበች ትባላለች፤ ጎረቤት ሁሉ የማርቆስ እናት ነው የሚላት። አማርኛዋን እያሰበች ነው የምትናገረው፤ እኔንም፣ ጸሐፊውንም፣ እግዜርንም በአንተና በአንቺ ነው የምታናግረው። በመጀመሪያ ጆሮዬን ኮርኩሮኝ ነበር፤ በማግስቱ ግን እርስዎ ያለኝ ሁሉ የሩቅ ሰው መሰለኝ።

ለወይንሸት የቡላ ገንፎ አገነፋችላት። «የምታጠባ ሴት ይሄን ነው የምትበላው» አለቻት፣ እስክትጨርስም ቆማ ጠበቀቻት።

ባልና ሚስቱ በረት ውስጥ ላማቸውን ለጸሐፊው ሲያሳዩት፣ እኔ በበኩሌ ልጠቅም ብዬ የቤዛን የቆሸሸ ጨርቅ ሁሉ አወጣሁ። ጓዳው ደጃፍ ላይ ሁለት እንስራ ውሃ ቆሟል። አንዱን አንጠፍጥፌ አጠብኩ። ቀበና ላይ ቧንቧ ተሰልፈን ብንቀዳም መንደራችን ውስጥ ነው። አበበች መጣች፣ ባዶውን እንስራ አየችውና አዝላው ወጣች። በጣም ከቆየች በኋላ ነው አልቧት ተመልሳ የገባችው።

«ወንዙ ቅርብ አይደለም እንዴ?» አልኳት።

«ወንዙን አንጠጣም። ምንጩ ላይኛው ተራራ ነው።»

ከዚያ የትንሹን ልጇን እግር አሳየችኝ፤ ወንዙን እየተሻገረ ከብት ስለሚጠብቅ ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ጉልበቱ ተላልጧል። ላሟ ሁለት ጊዜ እንዳስወረደች ነገረችኝ። «ያንቺ ልጅ በጠርሙስ ስትወስደው ያምኑናል» አለችኝ።

ሐሙስ

ወንዙ ጋ የደረስነው ፀሐይ ሞቅ ሳትል ነው። ውሃው ጠርቷል። ከሥሩ ያለው ጠጠር ይቆጠራል። አቶ ሀንዲሶ ቆመው ቀሩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው በእፍኛቸው ዘግነው አሸተቱ።

«እሑድ እንዲህ አልነበረም» አሉ።

«እሑድ እሑድ ነበር፤ ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ጓድ ሀንዲሶ» አለ ጸሐፊው።

ጣቢያው ግቢ ውስጥ ያልተፈለፈለ ቀይ ቡና ተቆልሎ ይታያል። ሞተሩ ዝም ብሏል። ዘበኛው ተበላሽቶ ነው አለን። ወይንሸት ከንፈሯን ነክሳ ሥራዋን ጀመረች። ጠርሙሱን አፉን ወደ ፈሳሹ አድርጋ ትነክረዋለች፣ ቁጥር ትለጥፍበታለች፤ ቀለሙን የሚለውጥ ቁራጭ ወረቀት ነክራ ታየዋለች። ወረቀቱ አልተለወጠም። መጀመሪያ ከጣቢያው በላይ፣ ከዚያ መውጫው ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች ወረደች። ወንዙ ከሚታጠፍበትም በብረት ቱቦ ጭቃ አወጣች። ወንዶቹ ተከትለዋት ሄዱ። እኔ ልጅቷን ታቅፌ ሾላ ሥር ተቀመጥኩ።

የጣቢያው በር ተከፈተና አቶ ደሳለኝ ወጣ።

«እማማ፣ ትንሿስ እንዴት ናት?» አለኝ። የቤዛን እግር ቆንጠጥ አደረገ። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዟል። «ለእናትየው ነው፤ ለምታጠባ ይሆናል።»

እጄ ከልቤ ቀድሞ ተቀበለው።

«ሐሙስ ማለትዎ ጠቀመን» አለኝ እየሳቀ። «እኛም ግቢያችንን ጠራርገን ጠበቅናችሁ።» ክፋት ይሁን፣ ጨዋታ ይሁን፣ ምስጋና ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ድምፁ ያው አውቶቡስ ውስጥ የነበረው ለስላሳ ድምፅ ነው።

እሱ ከገባ በኋላ የሠራሁትን ልጻፈው። ቅቤውን ወርውሬ አልጣልኩም። ልጄንም አልተጣራሁም። በቤዛ ጨርቆች መካከል ሸሸግኩት።

ከሰዓት በኋላ ገበሬዎቹ ተሰበሰቡ። ጸሐፊው ቆሞ ተናገረ። «ሁለተኛ ጊዜያችን ነው። መኪና ተመደበ፣ ነዳጅ ወጣ፣ ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጣች። እኛም፣ እሷም ያየነው ንጹሕ ውሃ ነው። በቃለ ጉባኤው የምጽፈው ያየሁትን ነው።»

ገበሬዎቹ እርስ በርሳቸው አጉረመረሙ። አንድ ሽማግሌ ተነሡ። «እነዚህ ሰዎች እንደሚመጡ አውቀው ነው ያቆሙት። የነገራቸው ሰው አለ» አሉ።

«ማን ነው?» አለ ጸሐፊው።

«ጣቢያው ውስጥ የማን ሰው አለ?»

ሁሉም ወደ አበበች ዞሩ። ወንድሟ ማቴዎስ እዚያ የቀን ሠራተኛ ነው፣ ጆንያ ይሸከማል።

«እኔ ራሴ የሰማሁት ትናንት ነው» አለች አበበች።

«ትናንት ይበቃል» አለ ከኋላ አንዱ።

አቶ ሀንዲሶ መሬት መሬት ያያሉ። ወይንሸት «ማን እንደነገረ አናውቅም፣ በግምት አትወንጅሉ» አለች። እውነቷን ነው፤ እሷ አታውቅም። የማውቀው እኔ ነኝ። ከሦስት እርምጃ በላይ አልራቅኩም። ልጅቷን እሹሩሩ እያልኩ አለመተኛቷን እየፈለግኩ ነበር፤ ካለቀሰች ተነሥቼ ልወጣ። ቤዛ ግን ጭጭ አለች። እኔም ጭጭ አልኩ። ስብሰባው እስኪበተን አንድ ቃል ከአፌ አልወጣም፤ ሰኞ ዕለት ያላረፈው አፌ ማለት ነው።

ራት ላይ አበበች ቆጮ በጎመንና በአይብ አቀረበች። ለእኔ አይቡን አበዛችልኝ። በላሁት።

ዓርብ

ጠዋት አበበች እንስራዋን አዝላ ስትወጣ እኔም ቤዛን አዝዬ ተከተልኳት። «ዳገት ነው፣ ተይ» አለችኝ። አልተውኩም። መንገዱ በእንሰቱ መሐል ነው። ምንጩ ጋ ስንደርስ ቆሜ እንዲህ አልኳት።

«የማርቆስ እናት፣ የነገርኩት እኔ ነኝ። ሰኞ አውቶቡስ ውስጥ፣ የመጋዘኑን ሰው። የምንመጣበትን ቀን ነገርኩት። ወንድምሽ የለበትም።»

ያልገባት መስሎኝ ደግሜ ልናገር ስል እጇን አነሣች። ገብቷታል። እንስራውን ከጀርባዋ ፈትታ ድንጋዩ ላይ አቆመችው።

«ማቴዎስ ትናንት ከሥራ ሲወጣ መጣ» አለች። «ከደጄ መለስኩት። ልጆቼ እየሰሙ ከዳተኛ አልኩት።»

ስድቤን ጠበቅኩ። አልሰደበችኝም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ በመጣንበት መንገድ ሳይሆን በሌላኛው፣ ወደ ወንድሟ ቤት በሚወስደው፣ በሩጫ ወጣች። እኔ እንስራውን ማንሣት አልችልም፤ ጥዬውም መሄድ አልችልም። እዚያው ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት። ውሃ ሊቀዱ የመጡ ሴቶች አንድ በአንድ እጄን እየሳሙ ሰላም አሉኝ። አንዷ «ደክሞሽ ነው? ልሸከምልሽ?» አለችኝ። ማን እንደሆንኩ ብታውቅ ትለኝ እንደነበር አላውቅም። ሞልታ እሷ ተሸከመችው፤ እኔ ባዶ እጄን ከኋላዋ ወረድኩ።

ወይንሸት ጠርሙሶቹን በገለባ እየሸጎጠች አገኘኋት። ሁሉንም ነገርኳት። ቅቤውን ከጨርቁ መሐል አውጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩት።

«ይህን ይዘሽ ነው ያደርሽው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ስብሰባው ላይ ስትቀመጪ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እጇን ዘርግታ «ቤዛን ስጪኝ» አለችና ልጅቷን ከጀርባዬ ወሰደችብኝ። ያን ቀን መልሳ አልሰጠችኝም። ሳጥኑን ያሰረችው፣ ጸሐፊው ዘንድ የሄደችው ልጇን አዝላ ነው።

ተከትያት ገባሁ። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ሊያሽገው ወረቀቱን አጥፏል።

«ጓድ፣ የሚጨመር አለ» አለችው ወይንሸት። «የምንመጣበት ቀን ለጣቢያው ቀድሞ ደርሷል። የወጣው ከገበሬዎቹ አይደለም፤ ከእኛ ነው። ስለዚህ የትናንቱ ውሃ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። እንዲህ ተብሎ ይጻፍ።»

ጸሐፊው አያት። «ይህ ከተጻፈ የሚነካው አንቺን ነው። ምስጢር አባክናለች ነው የሚሉት።»

«ይጻፍ።»

«የተናገርኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «የእኔ ስም ይጻፍ። መፈረም እችላለሁ፤ በጣቴ አይደለም፣ በብዕር።»

«እማማ፣ እርስዎ የመንግሥት ሠራተኛ አይደሉም» አለኝ፣ በትሕትና። «በዚህ ወረቀት ላይ የእርስዎ ቃል ቦታ የለውም።»

ወይንሸት ቅቤውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ይህም ከጣቢያው የተሰጠ ነው።»

«ቅቤ በቃለ ጉባኤ እንዴት ብዬ ነው የማስገባው?» አለ። ግን ጻፈው። ገበሬዎቹን ሰብስቦም አነበበላቸው። እኚያ ሽማግሌ ማቴዎስን ጠርተው ትከሻውን ሳሙት። «ከእኛ» ሲል ሰው ሁሉ ያየው ወይንሸትን ነው፤ ጸሐፊው ማን እንደተናገረ አላነበበም። አበበች ብቻ ናት እኔን ያየችኝ። እሷም አልተናገረችም።

ስንነሣ ማቴዎስ የጠርሙሱን ሳጥን አነሣ። ዳገቱን ሁሉ እስከ መኪናው ድረስ እሱ ተሸከመው፣ እንዳይንኳኳ እየተጠነቀቀ። እጄን ጨብጦ «ደህና ግቢ እማማ» አለኝ፤ እህቱ የነገረችው ይሁን አይሁን ከፊቱ ላነብ አልቻልኩም። አበበች ቡላና ቆጮ በቅጠል ጠቅልላ አምጥታ ለእኔ ሳይሆን ለወይንሸት ሰጠቻት።

«ለልጅቷ ነው» አለች።

ቅዳሜ

ሆሳዕና አድረን በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፈርን። ጎማ አልፈነዳም። ወይንሸት ጠርሙሶቹ ሳይሞቁ ላቦራቶሪ እንዲደርሱ ሳጥኑን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍና እግሯ ሥር አድርጋዋለች። ረፋዱ ላይ ቤዛ ስታለቅስ ሰጠችኝ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት «ከየት ነው የምትመጡት እናቴ?» አለችኝ። «ከሆሳዕና» ብዬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ኩሩ አሮጊት ናት ሳትል አትቀርም።

ቀበና ስገባ ድልድያችን ላይ ቆሜ ወንዛችንን አየሁት። ዕድሜዬን ሙሉ የወጥ እጣቢ፣ የአመድ ጥራጊ የደፋሁበት ወንዝ ነው። ከበታች ማን እንደሚቀዳው አስቤ አላውቅም ነበር።

የላቦራቶሪው ውጤት ብዙ ሰንብቶ ወጣ። ውሃው ንጹሕ ነው አለ። ጭቃው ግን ንጹሕ አልነበረም፤ ይሁንና ጭቃው ብቻውን መቼ እንደተለቀቀ ስለማይናገር አይበቃም ተባለ። መዝገቡ አልተዘጋም፤ በሚመጣው የቡና ወራት ሌላ ባለሙያ ይላካል። ጉድጓዱ እስከዚያ አይቆፈርም። አበበች ይህን ዓመትም ተራራውን ትወጣለች ማለት ነው። ወይንሸት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳትና ከመስክ ሥራ ተነሥታ ላቦራቶሪ ውስጥ ሌሎች የሚያመጡትን ጠርሙስ ታጥባለች።

የቃለ ጉባኤውን ግልባጭ ቤት አምጥታው ነበር። እሷ ሥራ ስትሄድ ከመሳቢያው አውጥቼ፣ ጣቴን ከፊደሉ ሥር እየጎተትኩ፣ ግማሽ ቀን ፈጅቼ አነበብኩት። እንዲህ ይላል፦ «የጉብኝቱ ቀን በባለሙያዋ በወይንሸት በኩል ቀድሞ በመነገሩ...» ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ተመለስኩበት። እናት የሚል ቃል የለበትም። ከሥሩ ፊርማዋ አለ።

ማታ ስትገባ «ለምን እንዲህ ፈረምሽ?» አልኳት።

«በእኔ በኩል አይደለም እንዴ የሄድሽው?» አለችኝና ልጇን ልታስተኛ ገባች።

የሰፈሬ ሴቶች፣ ወይንሸት ምስጢር አባክና ከመስክ ተነሣች የሚለውን ወሬ ሰምታችኋል፤ አንዳንዶቻችሁ እኔኑ ራሴን አጽናንታችሁኛል፣ እኔም ዝም ብዬ ተጽናንቻለሁ። የተናገረችው እሷ አይደለችም። የተናገርኩት እኔ አስካለ ተክሌ ነኝ። እዚያኛው ወረቀት ላይ ቦታ ስላልተሰጠኝ እዚህ ጻፍኩት።